ታኅሣሥ ላይ ማሳይ ሠርግ ተጠርቻለሁ፣ ግን ጾም ነው። ምን ይሻለኛል?

ሂሳብ ያዡ (ጠያቂ)

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ናይሮቢ አዲስ ነኝ፣ አንድ ድርጅት ውስጥ ሂሳብ እሠራለሁ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ማሳይ ነው። ቤተሰቦቹ ካጂያዶ ናቸው፣ ከናይሮቢ በስተደቡብ፣ ከቢሲል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ታላቅ ወንድሙ ታኅሣሥ ውስጥ ሚስት ሊያገባ ነው። "መቅረት የለም" ብሎኛል። ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ሙሽራው ግቢ ድግስ፣ አዳሩም እዚያው።

መሄዱን እፈልገዋለሁ። ግን የሚያስጨንቀኝ በዛ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ የሚፈታው ለገና ነው። ሠርጉ መሃሉ ላይ ወደቀ። ማሳይ ቤት ገብቶ ወተትም ሥጋም አልነካም ማለት ንቀት አይሆንም? ደሞ ደም ይጠጣሉ የሚባለው ነገር አለ። ቢያቀርቡልኝስ? ባዶ እጄንም አልሄድም መቼም። ምን ይያዛል? ገንዘብ በፖስታ ነው ወይስ ዕቃ? ሱፍ ልልበስ ወይስ እንደነሱ ቀይ ጨርቅ ልደርብ?

ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ሁሉ ለቱሪስት የተጻፈ ነው። ዘለሉ፣ አንበሳ ገደሉ፣ ፎቶ ተነሣን። እኔ የምፈልገው ቤታቸው ገብቶ የተቀመጠ ሰው ነው። እባካችሁ።

ቦሌ ሚካኤል

ወንድሜ አንድ ምክር ብቻ። ዝለል ካሉህ አትዝለል። እነሱ ተረከዛቸው መሬት ሳይነካ ቀጥ ብለው ነው የሚነሡት። አንተ የቢሮ ሰው ነህ፣ ወገብህን ይዘህ ነው የምትመለሰው። ጨዋታ ከጠፋህ ዴቪድ ሩዲሻን አንሳ። የኪልጎሪስ ልጅ ነው፣ ማሳይ ነው፣ ለንደን ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ስምንት መቶ ሜትርን በ1:40.91 የጨረሰው። መሐመድ አማንን ግን እንዳታነሳ። በዚያው ክረምት ዙሪክ ላይ ቀድሞታል። ቂም ካላቸው ሠርጉ ይበላሻል ኪኪኪ።

ቅቤ አንጣሪዋ

ወንድሜ፣ እኔ ኪሴሪያን ነው የምኖረው። ቅቤ እያነጠርኩ ናይሮቢ ላሉ የሀበሻ ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ወተቱን የማገኘው ከማሳይ እናቶች ነው። ስለዚህ የምነግርህ ከጓዳ በኩል ያየሁትን ነው። ስለ ጦርና ጋሻው ሌላ ሰው ይንገርህ።

ከጾሙ ልጀምር፣ እሱ ምንም አያስጨንቅም። "ጾመኛ ነኝ" በል፣ በቃ። ማሳይ ራሱ ስንት የማይበላው ነገር ያለው ሕዝብ ነው። በድሮው ሥርዓት ዓሣ አይበላም፣ ዶሮ አይበላም፣ የዱር እንስሳ ሥጋ ነውር ነው። ሥጋና ወተት በአንድ ቀን አይገናኙም። የዛሬ ልጆች ይህን ሁሉ አይጠብቁም፣ ጥብስ ዶሮ ሲበሉ አይቻለሁ። ግን "ይህን አልበላም፣ ሥርዓቴ ነው" የሚል ሰው ለእነሱ ብርቅ አይደለም።

ከግቢዬ ፊት ለፊት ዘበኛ የሆነ ወጣት አለ። ሞራን ነው። ተገርዞ ከተዋጊዎቹ ወገን የገባ ጎረምሳ ማለት ነው። አንድ ቀን እንጀራ በምስር ወጥ አወጣሁለት። ሳህኑን በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ አመሰገነ፣ በጋዜጣ ሸፍኖ አስቀመጠው። የቀጣዩ ግቢ ዘበኛ የዕድሜ እኩያው ነው። እሱ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ወጡ ቀዘቀዘ። ሲመጣ ተያይዘው ከግንቡ ጀርባ ዞሩ፣ ጀርባቸውን ለኔ ሰጥተው በሉ። ሳህኑን አጥቦ መለሰልኝ። ሞራን ያገባች ሴት እያየችው አይበላም። ብቻውንም አይበላም። ወተት እንኳ ቢሆን ጓደኛ ካልተገኘ አይጠጣም፣ ጦሙን ያድራል። እንዲህ ያለ ሕግ ይዞ ያደገ ሰው የአንተ ጾም ምኑ ይገርመዋል?

የሚያስቸግርህ ሻዩ ነው። ማሳይ ቤት ሻይ ማለት ወተት ነው፣ ውሃ ለስሙ ጠብ ይደረግበታል። ገና ሳትቀመጥ ይቀርብልሃል። ስለዚህ ቀድመህ ለጓደኛህ ንገረው፣ እሱ ለእናቱ ይንገር። ለእናቱ ያልኩህ በምክንያት ነው። ከብቱን የሚሸጠው ባልየው ነው፣ ወተቱ ግን የሴትየዋ ነው። ለማን እንደሚቀዳ፣ ለጥጃው ምን ያህል እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚሸጥ የምትወስነው እሷ ነች። ወተት አልጠጣም የምትለው እሷን ነው፣ አባወራውን አይደለም። "ስትሩንጊ" በል፣ ያለ ወተት ሻይ ያመጡልሃል። ስኳር ቀንሱልኝ ብትል ግን የሚሰማህ የለም።

የሠርጉ ምግብ ዛሬ ዛሬ እንደ ማንኛውም የኬንያ ሠርግ ነው። ፒላው (በቅመም የተሠራ ሩዝ)፣ ቻፓቲ (ቂጣ)፣ ጥቅል ጎመን፣ ድንች፣ የተቀቀለ ሥጋ፣ መረቅ። ፒላው ሥጋ አለበት። ቻፓቲና ጎመን ትበላለህ፣ በሥጋ ጭልፋ ካልጨለፉት። ቆሎ በኪስህ ያዝ፣ አታፍርም።

የሥጋው ነገር ደግሞ ጾሙ ገላገለህ። ለሥርዓት የሚታረድ ከብት በባህሉ አንገቱ አይቆረጥም፣ አፍና አፍንጫው ታፍኖ ነው የሚሞተው። ደሙ መሬት ላይ አይፈስም። ታንቆ የሞተና ደም ለእኛ እንዴት እንደሆነ ታውቀዋለህ። ሙስሊም እንግዳ ያለበት ድግስ ላይ ሙስሊም ጠርተው በቢላ ያሳርዳሉ፣ ይህም የተለመደ ነው።

ደም ያቀርቡልኝ ይሆን ላልከው፣ ማንም አያቀርብልህም። ደም የእንግዳ ምግብ አይደለም። ከላሟ አንገት ሥር ገመድ አስረው፣ ጫፏ አጭር በሆነች ቀስት ወግተው ይቀዳሉ፣ ከዚያ ቁስሉን ይደፍኑታል፣ ላሟ ትሄዳለች። የሚሰጠው ለአራስ፣ አዲስ ለተገረዘ ልጅ፣ ብዙ ደም ለፈሰሰው ሰው ነው። ያውም ዛሬ በብዙ ቤት ቀርቷል። ደም ከጠጣችሁ አሳዩን የሚል ቱሪስት ሲመጣ ነው ወሬው የሚነሣው።

ሂሳብ ያዡ

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ። ሻዩን በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ስጦታውስ? ሰላምታስ እንዴት ነው? ሽማግሌዎቹን ልጨብጥ ወይስ ጎንበስ ልበል?

ቅቤ አንጣሪዋ

ስጦታ ቀላል ነው። ስኳር በብዛት፣ ሻይ ቅጠል፣ ሩዝ፣ ዘይት። ይህ ለሴቶቹ ይገባል፣ ስታስረክብም ለእናትየዋ አስረክብ። ለአባትየው ወፍራም ብርድ ልብስ። ገንዘቡን ለሠርጉ ኮሚቴ በኤም ፔሳ ትልካለህ። ኬንያ ሠርግ ያለ ኮሚቴ የለም፣ ማሳይም ቢሆን። ጓደኛህ እስካሁን በዋትስአፕ ቡድን ካላስገባህ ይገርመኛል።

ልብስህ ንጹሕ ሸሚዝና ሱሪ ይሁን። ቀይ ሹካ፣ ያ የሚደርቡት ጨርቅ፣ ገዝተህ ተጠቅልለህ እንዳትሄድ። እነሱ ራሳቸው ከወደዱህ ያለብሱሃል፣ ያኔ ያምርብሃል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሙሽራው ሱፍ፣ ሙሽሪት ነጭ ቬሎ ሊለብሱ ይችላሉ። ከሰዓት ሁሉም ዶቃና ሹካ ይሆናል።

ሰላምታው ላይ ዕድሜን ተመልከት፣ ሁሉ ነገር በዕድሜ ነው። ልጆች ሲመጡብህ እጅህን አትዘርጋላቸው። ጭንቅላታቸውን ደፍተው ይቆሙልሃል። መዳፍህን አናታቸው ላይ አሳርፍ፣ በቃ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ወተት ይዘው የሚመጡት ሴቶች ልጆች እንደዚህ በሰልፍ ጭንቅላታቸውን ሲሰጡኝ ደስታው አይነገርም ነበር። የአሥራ ምናምን ዓመት ጎረምሳ እንኳ ዝቅ ይላል። ሽማግሌዎቹ አንተን መጨበጥ ይችላሉ፣ አንተ ግን ጠብቅ፣ እነሱ ይጀምሩ። አንዳንዱ አዛውንት መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ ሊጨብጥህ ይችላል። እጅህን እንዳትጠርግ! ምርቃት ነው። የኛም አያቶች ግንባራችን ላይ እንትፍ እንትፍ ብለው አይመርቁም ነበር?

የሽማግሌ ምርቃት ሲጀመር የሚይዝህ ዜማው ነው። አንዱ ይመርቃል፣ ሌላው በአንድ ድምፅ "ናኢ" ይላል፣ እንደኛ አሜን። እንካይ ዝናብ ይስጣችሁ፣ ናኢ። ከብታችሁ ይርባ፣ ናኢ። እንካይ የፈጣሪ ስም ነው። ቄሱ ሲጸልዩም በዚሁ ስም ነው የሚጠሩት። አንዳንዱ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ይመርቃል። ሣር እዚያም የሰላም ነገር ነው። የተጣሉ ሰዎች መሃል አንዱ ሣር ነቅሎ ከያዘ ዱላ አይነሣም።

አትጠይቅ የምልህ አንድ ነገር አለ። "ስንት ከብት አላችሁ?" አትበል። ከብት አይቆጠርም፣ ልጅም አይቆጠርም፣ እንደኛው። ሰውየው ከበረቱ በር ላይ ቆሞ ሲገቡ ያያቸዋል፣ አንዷ ብትጎድል በመልኳ ያውቃታል። ቁጥር አያስፈልገውም። ደሞ የሞተ ሰው በስሙ አታንሳ። የጓደኛህ አያት ምን ይባሉ ነበር ብለህ እንዳትጀምር።

ሰናይት ከአትላንታ

ጥሩ ነው፣ ግን ሁሉን ነገር እንዲህ አሳምራችሁ አታውሩት። የሴት ልጅ ግርዛትስ? በአሥራ ሦስት ዓመቷ የምትዳረውስ? ዶቃና ምርቃት ብቻ አይደለም እኮ። ለሠርግ ከመሄድህ በፊት ሙሽሪት ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠይቅ።

ቅቤ አንጣሪዋ

እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ አልክድም። ኬንያ ውስጥ የሴት ልጅ ግርዛትን የሚከለክለው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል። ከ18 ዓመት በታች ጋብቻም ክልክል ነው። ሕጉ ግን ከዋናው መንገድ ራቅ ሲባል ይሳሳል። በድብቅ፣ በሌሊት የሚደረግ አለ። እኛስ አገር ስንት ቦታ ነው ሕጉ ወረቀት ላይ የቀረው? ይህን የምለው ልሸፍንላቸው ብዬ አይደለም።

ወተት ከሚያመጡልኝ እናቶች አንዷን ልንገርሽ። ትልቋ ልጇ ተገርዛለች። ታናሿን ግን አላስነካም ብላ ከባሏ ዘመዶች ጋር ተጣልታለች። የወተቱን ብር የምታጠራቅመው ለልጅቷ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ልጅቷ አዳሪ ትምህርት ቤት ነች፣ የምትመጣው ለእረፍት ነው። ለእረፍት በመጣች ቁጥር እናትየዋ እንቅልፍ የላትም። ግርዛት የሚደረገው ረጅሙ እረፍት ላይ፣ ታኅሣሥ አካባቢ ነው። አሁን በየቦታው ልጆቹን ሳይቆርጡ፣ ምክርና ምርቃቱን ብቻ ሰጥተው፣ ዘፈኑን ዘፍነው ወደ ሴትነት የሚያሻግሩበት ሥርዓት አለ። ሽማግሌዎች ቆመው የሚመርቁበት ቦታ ላይ ይሠራል። ሽማግሌ ያልባረከው ግን አይያዝም። ማሳይ ዘንድ የአዋጅ ነገር እንዲህ ነው።

የዚህኛዋ ሙሽራ ጉዳይ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚጋቡ ከሆነ ቄሱ የዕድሜ ማስረጃ ይጠይቃል። መጠየቁ ነውር የለውም፣ ጓደኛህን ጠይቀው።

መርካቶ ልጅ

እኔ የማይገባኝ ሌላ ነው። ይሄ ሁሉ ከብት እያላቸው ለምንድን ነው ዘበኛ የሚሆኑት? ግማሹን ሽጠው ሕንፃ አይሠሩም? የናይሮቢ መሬት እኮ የነሱ ነበር ይባላል።

የከብት ሐኪም

ቦረናም ካጂያዶም ሠርቻለሁ፣ ይህችን ልመልስ። አንድ ማሳይ "የኔ" የሚላቸው ከብቶች ሁሉ እሱ በረት ውስጥ አይደሉም። አንዷ ጊደር አማቱ ጋ ነች፣ ሁለቱ ላሞች የዕድሜ እኩያው ጋ ናቸው። እሱ በረት ያሉትም ግማሾቹ የሰው ናቸው። ድርቅ አንዱን ቀበሌ ሲመታ ሌላው ጋ ያሉት ይተርፋሉ። ከብት የተሰጣጡ ሁለት ሰዎች ከዚያ በኋላ በስም አይጠራሩም፣ በሰጡት እንስሳ ነው የሚጠራሩት። በግ የተሰጣጡት ዕድሜ ልካቸውን "ፓከር" ይባባላሉ። እንግዲህ ግማሹን ሽጥ ስትለው ዘመዶቹን ሽጥ እያልከው ነው። ቢሸጥስ፣ በድርቅ ጊዜ ገበያው ላይ ሁሉም ስለሚሸጥ ላሟ በፍየል ዋጋ ነው የምትሄደው።

ስለ መሬቱ ደግሞ ከእኛ ጋር የሚያገናኝ ታሪክ አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። የአያቶቻችንን ክፉ ቀን ታስታውሱታላችሁ፣ በ1880 ዓ.ም. የጀመረውን። ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው በሽታ፣ እኛ ደስታ የምንለው፣ የአገሩን በሬ ጨረሰው። ሞፈር የሚጎትት ጠፋ፣ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ያ በሽታ እኛ ጋ አልቆመም። ወደ ደቡብ ወረደ። እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ ማሳይ ምድር ገባ። በላዩ ላይ ፈንጣጣ፣ በላዩ ላይ ድርቅ። እነሱ ያን ዘመን ኤሙታይ ይሉታል። እኛ እህል ጠፍቶ ተራብን። እነሱ ግን ድሮም የሚዘሩት እህል የላቸውም፣ ከብቱ ሲያልቅ ሁሉም ነገር አለቀ። ታላቁ ላይቦን (የሥርዓት መሪና ትንቢት ተናጋሪ) ምባቲያን በዚያው ሰሞን ሞተ፣ ልጆቹ ሌናናና ሴንዴዮ በወራሽነት ተጣሉ።

እንግሊዝ የደረሰው እንግዲህ በዚህ ሰዓት ነው። ሜዳው ባዶ መሰለው። እ.ኤ.አ. በ1904 ከሌናና ጋር ስምምነት ተፈረመ፣ ማሳይ ከስምጥ ሸለቆው ለነጭ ሰፋሪዎች ለቀቀ። ላይኪፒያ ለዘለዓለም የእናንተ ነው ተባሉ። ዘለዓለሙ ሰባት ዓመት ሆነ። በ1911 ሌላ ወረቀት መጣና ከላይኪፒያም ከብታቸውን ነድተው ወደ ደቡብ እንዲወርዱ ተደረገ። በ1913 ፍርድ ቤት ከሰሱ። ያን ጊዜ! ጠበቃ ቀጥረው! ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ በሁለት መንግሥታት መካከል የተደረገ ውል ነው፣ እኔ አላየውም ብሎ ዘጋው። አገራቸውን ሲወስድባቸው ተገዥ ናቸው፣ ሲከሱት መንግሥት ሆኑ።

በሽታውስ ምን ሆነ ካላችሁ፣ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አፋር ውስጥ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ሙቀት የሚችል ክትባት ይዘው በግመልና በእግር እየዞሩ ከተቡ። የመጨረሻው ኬንያ ሜሩ ፓርክ ውስጥ ጎሽ ላይ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። በ2011 ከምድር ጠፍቷል ተብሎ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። መሬቱ ግን አልተመለሰም።

ቅቤ አንጣሪዋ

ዶክተር፣ ተባረክ። እኔ የማየውን ልጨምርበት፣ ምክንያቱም ሂሳብ ያዡ እዚያ ሲቀመጥ ሽማግሌዎቹ የሚያወሩት ይህንኑ ነው። ስለ አንበሳ አያወሩም። ስለ አጥር ነው የሚያወሩት።

ካጂያዶ ላይ መሬቱ በጋራ የተያዘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣ ሕግ በቡድን ተመዘገበ። በኋላ ቡድኑ ለአባላቱ አካፈለው፣ ሁሉም የየራሱን ካርታ ያዘ። ካርታ ያለው ደግሞ ይሸጣል። ልጅ ይታመማል፣ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ሞተር ብስክሌት ያምረዋል፣ ይሸጣል። ገዢው አጥር ያጥራል። እኔ የተከራየሁት ግቢ ሃምሳ ጫማ በመቶ ጫማ ነው። አከራዬ ከማን እንደገዛው አውቃለሁ፣ የሸጠው ሰው አሁንም ፍየል ይዞ በጎን ያልፋል። ዝናብ የጠፋ ጊዜ ከብቱ መሄጃ የለውም። በ2022ቱ ድርቅ ላሞች ናይሮቢ አስፋልት ዳር፣ የቪላ አጥር ሥር ሣር ሲለቅሙ ነበር። ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ ጥሩምባ ይነፋል። እረኛው ስልኩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ዝም ይላል። የጎድን አጥንታቸው ይቆጠር ነበር። ያን ጊዜ የኔም ወተት ቆመ፣ ከፋብሪካ እየገዛሁ ቅቤ አወጣሁ፣ ደንበኞቼ ወዲያው አወቁብኝ።

ታንዛኒያ በኩል ደግሞ ብሶባቸዋል። ሰኔ 2022 ሎሊዮንዶ ላይ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር የግጦሽ መሬት ለዱር እንስሳ ተብሎ ሲከለል ከፖሊስ ጋር ተጋጭተዋል፣ ቆስለው ድንበር ተሻግረው ናሮክ መጥተው የታከሙ ነበሩ። ከንጎሮንጎሮ ደግሞ ሰዎችን ራቅ ወዳለ ቦታ፣ ሀንደኒ አውራጃ ምሶሜራ ወደሚባል መንደር እያዛወሩ ነው። እዚህ ካሉት ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ድንበሩን ያሰመረው ሌላ ሰው ነው።

ሂሳብ ያዡ

በጣም ነው የተማርኩት። የመጨረሻ ጥያቄ፣ እዚያ ከደረስኩ በኋላ የት ነው የምቀመጠው? ፎቶስ ማንሳት ይቻላል? ወተቱን ደግሞ አልቀምስም እንጂ የቅሉን ነገር ብዙ ሰምቻለሁ።

ቅቤ አንጣሪዋ

ከወንዶቹ ጋር ነው የምትቀመጠው፣ በዕድሜ ከሚመስሉህ ጋር። ከሽማግሌዎቹ ጥላ ሥር ሄደህ እንዳትዘረጋ፣ ሲጠሩህ ብቻ። ሥጋው ሲወጣ የሽማግሌው፣ የሴቶቹ፣ የወጣቶቹ፣ የልጆቹ ለየብቻ ነው። እኛ ዶሮ ላይ ብልት እንደምናወጣው አስበው፣ እነሱ በሬ ላይ ያወጡታል። ሽማግሌዎቹ ጋ ከማር ወይም ከስኳር የተጠመቀ ጠጅ ይኖራል፣ በጌሾ ፋንታ የሬት ሥር ይገባበታል። ወጣቶቹ አይሰጣቸውም። አንተም አትጠይቅ።

ፎቶ ጠይቀህ። ቱሪስት እየከፈለ ስላስለመደ መንገድ ላይ ብር የሚጠይቅህ አለ፣ ሠርግ ግቢ ውስጥ ግን ሌላ ነው። ጓደኛህ ካስተዋወቀህ በኋላ አንሳ። ላም በረት ውስጥ ስትሆን፣ ሽማግሌ ሲመርቅ ካሜራ ፊታቸው ላይ አትደቅን።

እንዳያመልጥህ የምልህ የሙሽሪትን አገባብ ነው። ከአባቷ ግቢ ወጥታ ስትመጣ ወደ ኋላ አትዞርም፣ ዞራ ካየች ድንጋይ ትሆናለች ይባላል። መንገዱን ሁሉ ዓይኗ መሬት ላይ ነው፣ እርምጃዋ የጉንዳን ነው። ሙሽራው ግቢ በር ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ትቆማለች። አልገባም። የባሏ ወገኖች ይለማመጧታል። አንዷ "ፍየል ሰጥቼሻለሁ!" ትላለች። ሙሽሪት ንቅንቅ የለም። አማትየው "ጊደር!" ይላሉ። አንድ እርምጃ ትራመዳለች፣ ደግሞ ትቆማለች። እንዲህ እየተባለ ነው እስከ ቤቱ ደጃፍ የምትደርሰው። ያ ከብት በስሟ ነው የሚቀመጠው፣ ለልጆቿ ነው። ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ እሷ ግን ፈገግ አትልም፣ ጎበዝ ነጋዴ ነች። እኔ በየመንደሩ ካየኋቸው ሥርዓቶች እንደዚህ የወደድኩት የለም።

ቅሉን ደግሞ እናትየዋ ጓዳ ጠይቅ፣ ደስ ይላታል። ቤቱ አሮጌው ዓይነት ከሆነ ጎንበስ ብለህ ግባ፣ ከበሩ ቀጥሎ ዞር ይላል፣ ጨለማ ነው፣ ጭስ ነው። ቤቱን የሠራችው እሷ ነች፣ ከእንጨቱ እስከ እበቱ። አሁን ብዙው ቆርቆሮ ሆኗል። ቅሉ ረጅም ነው፣ ዶቃ የተሰፋበት የቆዳ ማንጠልጠያ አለው። ጫፉ የነደደ የወይራ እንጨት ወደ ቅሉ ሆድ ታስገባለች። ፍሙን ከግድግዳው ጋር እየፈተገች ታደቀዋለች፣ ቅሉን ታሽከረክረዋለች፣ ከዚያ ገልብጣ መታ መታ ታደርገዋለች። ጥቁር ዱቄት ይወርዳል። እናቴም የመናጫ ቅሏን በወይራ ነበር የምታጥነው፣ ግን ጭሱን ብቻ። እነዚህ ፍሙንም ይጨምሩበታል፣ ወተቱ ትንሽ አመድማ መልክ ይይዛል፣ ብዙ ቀንም ይቆያል። ለኔ የሚመጣው በቢጫ ጀሪካን በሞተር ብስክሌት ስለሆነ ይህ ሽታ የለውም። አንዷን እናት ለምኜ በየሳምንቱ አንድ ቅል ለብቻ ታመጣልኛለች። ከዚያ የሚወጣውን ቅቤ አልሸጠውም።

ሂሳብ ያዡ

እሺ እትዬ። ብርድ ልብሱን ናይሮቢ ልግዛ ወይስ እዚያው?

ቅቤ አንጣሪዋ

ቢሲል ግዛ፣ የገበያ ቀን ከሆነ ምርጫ አለ። ቀይ ይሁን፣ ወፍራሙን ምረጥ፣ ካጂያዶ ሌሊት ይበርዳል። ለራስህም አንድ ጨምር፣ አዳር አለብህ አላልክም? ጾሙን ከፈታህ በኋላ ደግሞ ኪሴሪያን ብቅ በል፣ የቅሉን ቅቤ አቀምስሃለሁ።